እምቢ የሚል ተማሪና የመምህሩ ትዕግሥት

የማስተማር ሥራ ከሥራዎች ሁሉ የከበረ ነው እየተባለ ዘወትር ይነገራል፤ ነገሩም እውነት ነው። ነገር ግን ይህን የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ በልባቸው የሚያስቡት በፈቃዱ የሚማረውን፥ ሲጠየቅ እጁን የሚያነሣውን፥ መምህሩ ሲገባ ፊቱ የሚበራውን ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ማስተማር ድካም ቢኖረውም ድካሙ ራሱ ደመወዝ ይሆናል። የመምህርነት ሙያ በእውነት የሚፈተነው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፥ መጽሐፉን ዘግቶ፥ ክንዱን በደረቱ ላይ አጣምሮ «ይህ ትምህርት ለእኔ ምን ይረባኛል?» በሚለው ልጅ ፊት ነው።

እንዲህ ያለ ተማሪ የሌለበት ትምህርት ቤት አይገኝም። ደወል ከተደወለ በኋላ ይገባል፤ የቤት ሥራውን ሳይሠራ ይመጣል፤ ጓደኛው ሲመልስ ይሣለቃል፤ ሲገሥጹት ወይ በድፍረት ይመልሳል ወይ እንደ ድንጋይ ዝም ይላል። ስድሳ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል አንዱ እንዲህ ሲሆን ከኀምሳ ዘጠኙ ይልቅ መምህሩን የሚያደክመው እርሱ ነው። በመጨረሻም መምህሩ ይከሳል፥ ርእሰ መምህሩ ይቀጣል፥ ወላጅ ይጠራና ያፍራል፤ ልጁም ወይ ይባረራል ወይ በገዛ ፈቃዱ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ «ጠባዩ የከፋ ነበረ» ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። እኛም ዛሬ ለመጻፍ የተነሣነው መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲጠየቅ ነው። ይህ ልጅ እምቢ ያለው ምኑን ነው? ትምህርቱን ነውን? ወይስ በትምህርቱ ምክንያት የሚደርስበትን ኀፍረት?

በአገራችን «ምከረው ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚል የታወቀ ተረት አለ። እምቢተኛ ልጅ በተነሣ ቁጥር ይህ ተረት ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለኋለኛው ግማሹ ሲባል ነው። አባቶች «ምከረው» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ መናገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መከራን ያኖሩት ከሁሉ በኋላ ነው። ደግሞም መምከር ማለት መቆጣት ማለት አይደለም። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ቃል ሲሰማ መከሩ ይባላል፤ አንዱ ብቻ ሲጮህ ግን መከሩ አይባልም። እንግዲያስ በክፍል ፊት ቆሞ አርባ ጊዜ የተሰደበ ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ተመክሯል ለማለት አይቻልም።

ሊቃውንት ሁሉ የሚያውቁትን የቅዱስ ያሬድን ታሪክ በዚህ ረገድ እንደ ገና ብንመለከተው እንጠቀማለን። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ይህ ታላቅ የዜማ አባት፥ እንደሚነገረው ታሪክ፥ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መዝሙረ ዳዊትን መያዝ ተስኖት ነበር። መምህሩና ዘመዱ ጌዴዎን ስለዚህ ነገር ተቆጥቶ ቢገርፈው ልጁ እጅግ መረረውና ትምህርቱን ጥሎ ሸሸ። በመንገድም ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል በግንዱ ላይ ሊወጣ ሲታገል፥ ጥቂት ወጥቶ ሲወድቅ፥ እንደ ገናም ሲነሣ አየ። ትሉ ብዙ ጊዜ ከወደቀ በኋላ ከዛፉ ላይ ወጥቶ ፍሬውን ሲበላ ባየ ጊዜ ያሬድ በራሱ ላይ ፈረደና ወደ መምህሩ ተመልሶ ይቅርታ ለመነ። ያ ትምህርት አይገባውም የተባለው ልጅ በኋላ በግዕዝ፥ በዕዝልና በዓራራይ ዜማ ድጓን ደርሶ ለቤተ ክርስቲያን አበረከተ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለተማሪ ትጋትን ለማስተማር ነው። ነገር ግን ለመምህርም የሚናገረው ነገር አለው። አንደኛ፥ በሸሸበት ቀን ያሬድን ያየ ሰው ሰነፍና እምቢተኛ ከማለት በቀር ሌላ ስም አይሰጠውም ነበር። ሁለተኛ፥ ልጁን ያሸሸው ግርፋት ነው እንጂ የመለሰው ግርፋት አይደለም፤ የመለሰው መውደቅ የነገር ሁሉ መጨረሻ አለመሆኑን በዐይኑ ማየቱ ነው። ሦስተኛውም ከሁሉ ይበልጣል፤ ያሬድ ሲመለስ መምህሩ ተቀበለው። ጌዴዎን በዚያን ቀን በሩን ዘግቶበት ቢሆን ኖሮ የትሉ ትምህርት ሁሉ ከደጅ በቀረ ነበር።

በቄስ ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ያለፈውን ሁሉ በማመስገን እውነትን ልንሸፍን አይገባንም። ፊደል፥ አቡጊዳና ዳዊት ስንማር ልምጭና አለንጋ ከመምህሩ አጠገብ አይለዩም ነበር፤ ልምጩን ፈርተው ከቤታቸው የጠፉ ልጆችም ነበሩ። ነገር ግን ከዚያው ቤት ሊወረስ የሚገባው ሌላ ጥበብ ነበረ። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፥ ቁራሽ እየለመነ ከአገር ወደ አገር የሚሄደው የወደደውን መምህር ፍለጋ ነው። የመምህሩም ጉባኤ በተማሪ የሚሞላው በዕውቀቱና በፍቅሩ እንጂ በማናቸውም ግዳጅ አልነበረም። ደግሞም የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስተምር ነበርና ታናሹ ልጅ እንኳ ከእርሱ የሚያንስ አንድ ሌላ ልጅ አያጣም ነበር።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በንባብ ቤት ሳለ ዳዊት አልደግምም ብሎ ያስቸገረ አንድ ጓደኛ ነበረው። ቢገርፉት አልሰማም፤ ቢያባብሉትም አልሰማም። አንድ ቀን መምህራችን አለንጋቸውን አኑረው «እንግዲህ አንተ አትማር፤ ነገር ግን እነዚህን ሁለት ሕፃናት ፊደል አስቆጥርልኝ» አሉት። ልጁም እያጉረመረመ ተቀመጠ። ከሕፃናቱ አንዱ ተሳስቶ «የኔታ» ብሎ ቢጠራው ሁላችንም ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም። ሳምንት ሳይሞላ ሕፃናቱ የማያውቀውን ነገር ይጠይቁኛል ብሎ ፈርቶ ማታ ማታ ዳዊቱን መዘርጋት ጀመረ። የመረረው ትምህርቱ ሳይሆን ሁልጊዜ የመጨረሻ ሆኖ መታየቱ ኖሯል።

በትር ብቻውን ልጅን እንደማያቀና የተናገሩት የዛሬ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በ1ኛው መቶ ዓመት በሮም የንግግር ጥበብ ያስተምር የነበረው ኵንቲልያኖስ ተማሪን መግረፍ የሚያዋርድ ሥራ መሆኑን ጽፎ፥ በተግሣጽ የማይመለስ ልጅ በግርፋትም ልቡን እያደነደነ እንደሚሄድ አስረድቷል። ዮሐንስ አፈ ወርቅም ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳኑ አባቶች በትርን ዘወትር እንዳያነሡ መክሯል፤ በትር የለመደ ልጅ በትሩን መናቅ ይማራልና። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያዎች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል።

ይህ ድንጋጌ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በትሩ ከእጅ ወጥቶ ወደ አንደበት ከገባ ሕጉ በፊደሉ ተጠብቆ በመንፈሱ ፈረሰ ማለት ነው። «ደንቆሮ»፥ «የማትረባ»፥ «አንተ ከምትማር ከብት ብትጠብቅ ይሻልሃል» የሚሉ ቃላት በጓደኞች ፊት ሲነገሩ የሚያወጡት ደም አይታይም፤ ቁስላቸው ግን ከልምጭ ሰምበር ይልቅ ይቆያል። ከብት መጠበቅም እንደ ስድብ ሲነገር ልጁ በአባቱና በእናቱ ሥራ እንዲያፍር ያደርገዋል። በቤቱ ያፈረ ልጅ ደግሞ በትምህርት ቤት ይኮራል ተብሎ አይጠበቅም።

እንግዲህ በትርም ስድብም ካልጠቀሙ መምህሩ በምን ይጀምር ቢባል፥ ምክንያቱን በመለየት ይጀምር እንላለን። መድኃኒት የሚሰጠው በሽታው ከታወቀ በኋላ ነውና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 በቪየና ተወልዶ ኋላ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የሠራው ሐኪም ሩዶልፍ ድራይከርስ በዚህ ጉዳይ ለመምህራን የሚጠቅም አንድ ዘዴ ትቷል። እርሱ እንደሚለው የልጅ አስቸጋሪነት ከአራት ፍላጎቶች በአንዱ ይመጣል፤ ከአራቱ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅም መምህሩ አስቀድሞ የገዛ ልቡን ይመርምር።

መምህሩ በልጁ ሥራ የሚሰማው መሰልቸት ብቻ ከሆነ፥ ልጁ የሚፈልገው መታየትን ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ሲያጠፋ ብቻ ስሙ ከተጠራ ማጥፋትን ሥራው ያደርጋል፤ ስለዚህ ጥቂቱን ጥፋት ቸል ብሎ በደኅናው ሰዓት ስሙን መጥራትና ሥራ መስጠት ይገባል። መምህሩ የሚሰማው የመደፈር ንዴት ከሆነ፥ ልጁ የያዘው «ማን ይበልጣል» የሚል ክርክር ነው። በዚህ ክርክር መምህሩ በተማሪዎች ፊት ከገባ ቢረታም ይረታል፤ ከልጅ ጋር እኩል ሆኖ ታይቷልና። «ይህን ከደወል በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ ትምህርቱን መቀጠል ድል ነው። መምህሩ የሚሰማው ልቡ እስኪያዝን መጎዳት ከሆነ ደግሞ፥ ልጁም አስቀድሞ የተጎዳ ነው፤ የሚፈልገውም በቀል ነው። ለዚህኛው ዕርቅ እንጂ ቅጣት አይበጀውም። አራተኛው ግን ከሁሉ ይከፋል፤ መምህሩ በልቡ «ከዚህ ልጅ ምንም አይገኝም» ሲል፥ ልጁ ራሱ ከዚያ በፊት «ከእኔ ምንም አይገኝም» ብሎ ፈርዶአል ማለት ነው።

ይህ አራተኛው በግልጥ ስለማይታይ እጅግ ያሳስታል። ተስፋ የቈረጠ ልጅ አላውቅም ብሎ ከመናገር ይልቅ አልፈልግም ብሎ መናገርን ይመርጣል፤ ስለዚህም የትዕቢተኛውን ልብስ ለብሶ ይመጣል። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የሚያስተምር ወዳጃችን የደረሰበትን እንዲህ ሲል ነግሮናል።

በዘጠነኛ ክፍል ከገጠር መጥቶ ከአክስቱ ጋር የሚኖር አንድ ልጅ ነበረ። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቋንቋ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። መምህሩ በመጀመሪያው ወር ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ቢያዘው፥ ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ «አላነብም፤ የሌላ አገር ወንዝ ቢቆጠር ለእኔ ምን ይረባኛል?» አለ። ክፍሉም በሳቅ ተሞላ። መምህሩ ተቆጥቶ ከክፍል አስወጣው። በሌላ ቀንም እንዲሁ ሆነ፤ በዚያ የትምህርት ዘመን እኩሌታ አራት ጊዜ ተባረረ። አክስቱ ተጠርታ መጥታ አለቀሰች፤ ልጁም ከዚያ ወዲህ የባሰ ሆነ። መምህሩ እንደ ነገረን «ትቢያ ላይ ትወድቃለህ» እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

አንድ ቀን መምህራን በአንድ ክፍል ተቀምጠው የፈተና ወረቀት ሲያርሙ፥ የዚያ ልጅ የሒሳብ ወረቀት በባልንጀራው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አየ። በቁጥር ብቻ የቀረበውን ጥያቄ ሁሉ አንድም ሳይስት ሠርቶታል፤ በቃላት የተጻፈውን ጥያቄ ግን አንዱን እንኳ ሳይነካ ባዶ ትቶታል። ወዳጃችን ወረቀቱን ደጋግሞ አገላበጠ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ትዕቢተኛም አይደለም፤ እንግሊዝኛውን ማንበብ አይችልም። አራት ጊዜ የተባረረው ባለመፈለጉ ሳይሆን ባለመቻሉ ኖሯል።

በማግሥቱ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ልጁን አስቀረውና ወረቀቱን አሳየው። ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ኋላም ራሱን አቀርቅሮ «መምህር፥ አያውቅም ከምባል እምቢተኛ ብባል ይሻለኛል ብዬ ነው» አለው። ወዳጃችንም ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብሎናል። በመጀመሪያ ያደረገው ነገር «በጓደኞችህ ፊት የተናገርሁህ ቃል ልክ አልነበረም» ማለት ነው። ከዚያም የሚቀጥለውን ቀን ንባብ አንድ አንቀጽ ብቻ ለይቶ፥ አስቸጋሪዎቹን ዐሥር ቃላት ትርጕማቸውን ጽፎ ሰጠው፤ በዕረፍትም ሰዓት ሩብ ሰዓት አብሮት አነበበ። በማግሥቱ ያችኑ አንቀጽ እንዲያነብ ጠራው። ልጁ ሁለት ጊዜ ተደናቅፎ ጨረሰ። ጥቂቶች ሳቁ፤ መምህሩ ግን ነገሩን ሳያገንን «ቀጣዩ» ብሎ ሌላ ተማሪ ጠራ። ይህን ያደረገው ልጁ እንደ ማናቸውም ተማሪ አንብቦ መቀመጡ ከምስጋና ሁሉ ይበልጥ እንደሚያጽናናው ስላወቀ ነው።

ተስፋ መቁረጥ ከዚህ ሌላ በር ደግሞ አለው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት በጀመረ ጊዜ፥ ኀምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈተኑት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆኑ። የቁጥጥሩ መጥበቅ የተሰወረውን ድካም ስለ ገለጠ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ይህን ቁጥር የሰማ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ከመቶው ዘጠና የሚወድቅ ከሆነ እኔ ለምን እደክማለሁ?» ቢለን ምን እንመልስለታለን? በቁጣ ዝም ብናሰኘው ጥያቄው ከአፉ ይወጣል እንጂ ከልቡ አይወጣም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ማርቲን ሰሊግማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ያደረጉት ምርመራ ለዚህ ነገር ብርሃን ይሰጣል። ማምለጫ በሌለው ቦታ ደጋግመው ሕመም የደረሰባቸው ውሾች፥ በኋላ አጭር አጥር ዘልለው ሊያመልጡ በሚችሉበት ቦታ ሲገቡ ብዙዎቹ ሳይሞክሩ ተኝተው ቀሩ። ከዚያ ልማድ የተላቀቁት መርማሪዎቹ ራሳቸው ይዘው አጥሩን ደጋግመው ካሻገሯቸው በኋላ ነው። ሰውን ከእንስሳ ጋር ማስተካከል ባይገባም፥ ከነገሩ የምንማረው አለ። ተስፋ ለቈረጠ ሰው በሩ ክፍት ነው ብሎ መንገር ብቻ አይበቃም፤ እጁን ይዞ አንድ ጊዜ ማሻገር ያስፈልጋል።

ስለዚህ መምህሩ ለእንዲህ ያለው ልጅ ሐሰተኛ ተስፋ አይስጠው፤ ሁሉም ያልፋል ብሎ አያታልለው። ይልቁንም ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ዝግጅታችን እንጂ ስለ እርሱ አእምሮ እንዳልሆነ ያስረዳው። ደግሞም ትምህርት ከፈተና በፊትም ከፈተና በኋላም ዋጋ እንዳለው በቅርብ ነገር ያሳየው። ውል ከመፈረሙ በፊት አንብቦ የሚረዳ፥ የሱቁን ሒሳብ አስተካክሎ የሚይዝ፥ ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ በራሱ እጅ የሚጽፍ ሰው ዩኒቨርሲቲ ባይገባም ከማያነበው ሰው ይልቅ አይታለልም። የሩቁን ተራራ ትቶ የዚህን ሳምንት አንድ ደረጃ ያሳየው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ይህን ስንል አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ስድሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል የያዘ መምህር ለአንዱ ጊዜ ከየት ያመጣል? ትዕግሥትስ ለሌሎቹ ስንፍናን አያስተምርምን?» ይባላል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ወዳጃችን እንኳ ለአንድ ልጅ ሩብ ሰዓት ሲሰጥ ከገዛ ዕረፍቱ ቈርሶ ነው። ነገር ግን ያ ልጅ በአራት መባረር የበላውን የክፍል ሰዓት፥ የተጠራችውን አክስት፥ የተጻፈውን ደብዳቤ ብንቆጥር ሩብ ሰዓቱ ርካሽ ሆኖ ይገኛል። መምህሩም ስድሳውን በአንድ ቀን ይዳስስ አንልም፤ በአንድ ወር አንዱን ይምረጥና በእርሱ ይጀምር።

ትዕግሥትም ማለት ልቅነት ማለት አይደለም። የክፍሉ ሥርዓት በመጀመሪያው ሳምንት ተነግሮ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ባለጸጋውም ድኻውም፥ ጎበዙም ሰነፉም በአንድ ሚዛን ይመዘን። ጓደኛውን የሚመታ ወይም የሚያስፈራራ ተማሪ ወዲያው ይከልከል፤ የሌሎቹም ልጆች ደኅንነት በመምህሩ እጅ ነውና። ጥፋቱ ይገሠጽ እንጂ ልጁ አይሰደብ፤ «ይህ ሥራ መጥፎ ነው» ማለትና «አንተ መጥፎ ነህ» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ተግሣጹ በተቻለ መጠን ለብቻ ይሁን፤ ምስጋናው ግን ሥራው በእውነት ሲገባው በአጭር ቃል ይነገር። የትናንቱ ጥፋት በትናንትናው ቀን ይቅር፤ ልጁ ዛሬ ሲገባ ትናንት የተቆጣውን ፊት አያግኝ። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚባለው በማዕድ ላይ ብቻ አይደለም፤ በትምህርትም ገበታ ላይ ያው ነው።

ለሹማምንትም የምናሳስበው አለን። የአንድን መምህር ሥራ በክፍሉ ጸጥታ ብቻ የምንመዝን ከሆነ፥ አስቸጋሪውን ልጅ አስወጥቶ ጸጥታ የገዛው መምህር ይመሰገናል፤ ልጁን ታግሦ የክፍሉን ሁካታ የተሸከመው ግን ይወቀሳል። የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ወደ ክፍል ሲገባ ስንት ተማሪ ዝም እንዳለ ብቻ ሳይሆን ባለፈው ዓመት ከተመዘገቡት ስንቱ ዛሬም በወንበራቸው እንደ ተቀመጡ ይጠይቅ። የመባረር ደብዳቤም ከመፈረሙ በፊት ከደብዳቤው ጋር አንድ ገጽ ይቅረብ፤ በዚያም ገጽ ልጁን ለብቻው ያነጋገረው ማን እንደ ሆነ፥ ልጁም ምን እንዳለ ይጻፍ። ያ ገጽ ባዶ ከሆነ ልጁ አልተመከረም፤ ስለዚህ ለመከራ ተላልፎ ሊሰጥ አይገባውም። ይህ ሥርዓት ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ወረቀትና ጥቂት ትዕግሥት ነው።

ካህናት ደግሞ መምህሩ የማይገባበት ቤት ይገባሉ። የንስሐ አባት ልጁ ሌሊት የት እንደሚያድር፥ በቤቱ ጠብ እንዳለ፥ አባቱ ሞቶ ወይም ሥራ ፍለጋ ሄዶ እንደ ሆነ ከሌላው ሰው አስቀድሞ ያውቃል። በኑዛዜ የሰማውን ምሥጢር ይጠብቅ፤ ነገር ግን በግልጥ ያየውን ችግር ለማቃለል ወላጅን ከልጁ፥ ልጁንም ከመምህሩ ጋር ማስታረቅ የአባትነቱ ሥራ ነው። ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው ለመከሰስ ብቻ ከሆነ መጥሪያው ሁልጊዜ የልጁ ግርፊያ ደብዳቤ ይሆናል፤ በመካከል አንድ ሽማግሌ ሲኖር ግን ነገሩ ወደ ምክር ይመለሳል።

ስለዚያ ልጅ የመጨረሻው ወሬ ምን እንደ ሆነ አንባቢዎች ሳይጠይቁን አይቀሩም። ወዳጃችን እንደ ነገረን ከክፍሉ አንደኛ አልወጣም፤ አሁንም አንዳንድ ጊዜ ደወል ካለፈ በኋላ ይገባል፤ ቁጣውም ጨርሶ አልለቀቀውም። ነገር ግን ሲጠራ መጽሐፉን ይከፍታል፤ ያልገባውን ቃል ሲያገኝም እጁን አንሥቶ «ይህን አላውቅም» ይላል። ይህችን አጭር ቃል ያለ ኀፍረት መናገር የቻለ ተማሪ የትምህርትን በር አገኘ ማለት ነው። ይህችን ቃል በሰላም የሚናገርበትን ክፍል ማዘጋጀት ግን የልጁ ሥራ አይደለም፤ የመምህሩና የሁላችን ሥራ ነው።

እንግዲህ አባቶች ሁለት ጊዜ «ምከረው» ያሉትን እኛ አንድ ጊዜ እንኳ ሳንፈጽም ወደ ሦስተኛው አንዝለል። በየትምህርት ቤቱ የኋላ ወንበር ላይ መጽሐፉን ዘግቶ ከተቀመጠው ልጅ ምን እንደሚወጣ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ያሬድ በሸሸበት ቀንም ማንም አላወቀም ነበር።